ከንፈር ያለው ውርርድ ቤት

አኒስ ሂንድል በዕድሜዋ ሰባት ጊዜ ወረቀት በልታለች። ሰባቱንም ጊዜ ያስበላት ያው አንድ ሰው፣ ፖሊሱ ዳክዎርዝ ነው።

ያን ጊዜ በብራክሾ ከተማ ከፈረስ ሜዳ ውጭ በፈረስ መወራረድ ክልክል ነበር። የማይወራረድ ሰው ግን በመብራት ቢፈለግ አይገኝም። አኒስ በጥጥ ፋብሪካው ሸማኔ ነች። በጎን ደግሞ የሠራተኛውን የውርርድ ወረቀት በሽርጧ ኪስ እየሰበሰበች፣ ተደብቆ በጓሮ ለሚሠራው አወራራጅ ታደርስ ነበር። ዳክዎርዝ ይህን ያውቃል። አለቆቹ የተቆጡት ቀን ፋብሪካው በር ላይ ይቆምና፣

«አኒስ፣ እስቲ ኪስሽን ገልብጪልኝ» ይላታል።

አፏ ሥራ ላይ ነው።

«ምንድን ነው የምታኝኪው?»

«ምሳዬን።»

«ምሳሽ ምንድን ነው?»

አኒስ ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ድረስ ትውጥና፣ «ደረቅ ነገር ነው» ትለዋለች።

ሁለት ጊዜ ግን ሳትቀድመው ቀረች። ወረቀቱ ተያዘና ዳኛ ፊት ቆመች። ወረቀቱ ላይ የሰው ስም የለበትም። ተወራራጅ በገዛ ስሙ አይጽፍም፤ ፖሊስ እጅ ቢገባ እንኳ የማን እንደሆነ እንዳይታወቅ እያንዳንዱ ለራሱ የወረቀት ስም ያወጣል። አንዱ «ሰነፉ አህያ» ነው። አንዱ «ሦስት ዶሮ» ነው። ትከሻው በር የሚሞላ አንድ የከሰል ጫኝ ደግሞ «የንጉሡ አክስት» ይባላል። የሰማንያ ስድስቱን ስም ባለቤት አኒስ አንድ በአንድ ታውቃለች፤ የትም አልጻፈችውም። ዳኛው «እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው?» ሲሏት ግን መሬት መሬቱን እያየች፣ «አላውቃቸውም ጌታዬ» አለች። ቅጣቷን ከፍላ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ብራክሾ ውስጥ ስሙን ለአኒስ የሰጠ ሰው መሬት ቆፍሮ እንደቀበረው ይቆጥረዋል።

ይህን ሰምታችሁ ደፋር ሴት እንዳትመስላችሁ። ዓይነ አፋር ነች። ሰው በተሰበሰበበት ድምፅ ማውጣት ያስፈራታል። ምክንያትም አለው። በአሥራ አራት ዓመቷ ፋብሪካ ገብታ ሠላሳ አራት ዓመት ማሽን ፊት ቆማለች። አራት መቶ የሽመና ማሽን ባንድ ጣሪያ ሥር ሲንኳኳ የሰው ድምፅ የሚባል ነገር የለም። ቢጮህም አይሰማም። ስለዚህ የብራክሾ ሸማኔ ሴቶች በከንፈር ነው የሚያወሩት። ድምፅ ሳያወጡ ከንፈራቸውን ለጥጠው፣ ቅንድባቸውንና ትከሻቸውን ጨምረውበት፣ ከአዳራሹ ወዲያ ጫፍ እስከ ወዲህ ጫፍ ማን እንዳገባ፣ ማን ባሏን እንዳባረረች፣ የማታው እራት ምን እንደሆነ ይጨዋወታሉ። አኒስ በከንፈር ሲሆን ቀልድ አዋቂ ነች። ሰው በሳቅ ታፈርሳለች። በድምፅ ሲሆን ግን መጠኑ ይጠፋታል፤ ወይ ትጮኻለች ወይ ታንሾካሹካለች። ሰዉ ዞር ብሎ ሲያያት ፊቷ እንደ ቲማቲም ይቀላል፤ የጀመረችውንም ትተወዋለች።

ጆሮዋ ራሱ ግራው ሄዷል። ቀኙ የተረፈው ማሽኗ ግድግዳ ጥግ ስለነበረ ነው። ጓደኞቿ ግን፣ መሃል የቆሙት፣ ሁለቱንም ፋብሪካው ወሰደባቸው።

በፈረንጆች 1960 ያ ፋብሪካ ተዘጋ። ማሽኖቹን በመዶሻ ሰባብረው በብረት ዋጋ ሸጧቸው። አኒስ ቆማ አየች። የእሷን አራት ማሽኖች ሲሰብሩ አላለቀሰችም፤ ጸጥታው ነው ያስፈራት። ትንሽ ካሳ ተሰጣት። ባሏ ዊልፍ የጥጥ ብናኝ ደረቱን የጨረሰው ሰው ነው፤ ደረጃ ሲወጣ መሃል ላይ ቆሞ «አገሩን እያየሁ ነው» ይላል እንጂ ደከመኝ አይልም። ደረጃው መሃል ከግድግዳ በቀር የሚታይ ነገር የለም።

በዚያው ሰሞን አዲስ ሕግ ወጣ። ከሚቀጥለው ዓመት ሜይ አንድ ቀን ጀምሮ፣ ፈቃድ ያለው ሰው ሱቅ ከፍቶ በአደባባይ ማወራረድ ይችላል ተባለ።

ዊልፍ ጋዜጣውን አጠፈ። «አንቺ ሴት፣ ወረቀት መብላት ሊቀርልሽ ነው።»

«ምን ልትል ነው?»

«የራስሽን ሱቅ ትከፍቻለሽ።»

«እኔ? ፎርም እንኳ መሙላት የማልችለው?»

«እኔ እሞላዋለሁ።»

«ዳኛ ፊት መናገርስ?»

«ዳኛውማ ያውቅሻል። ሁለት ጊዜ ተዋውቃችኋል።»

አኒስ በሽርጧ መታችው። ሌሊቱን ግን አልተኛችም። ጠዋት ተነሥታ ሳሎን ያለውን ፒያኖ አቧራውን ጠረገችለት። ፒያኖው የእናቷ ነበር። ዊልፍ ስትጠርገው ባየ ጊዜ ልትሸጠው እንደሆነ ገባው።

በፒያኖውና በካሳው፣ ቀድሞ የከብት ጨጓራ ይሸጥበት የነበረ ጠባብ ቤት ተከራዩ። ሱቅ ከተባለ ሱቅ ነው። ዕብነ በረድ ባንኮኒው እዚያው ቀርቷል፤ ዝናብ በጣለ ቁጥርም የጨጓራው ሽታ ይመለሳል። ብራክሾ ደግሞ ዝናብ የማይጥልበት ቀን የለም። ፈቃዱ በሚታይበት ዕለት ዳኛው ስለ ጠባይዋ ፖሊስ ይናገር አሉ። ዳክዎርዝ ቆቡን በብብቱ አድርጎ ተነሣና፣

«ሐቀኛ ሴት ነች ጌታዬ» አለ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ሕግ ስትጥስ አውቃታለሁ። ሰው ስታታልል ግን አላየሁም።»

ፈቃዱ ተሰጣት። ለአንድ ዓመት ነው፤ በዓመቱ መታደስ አለበት።

አኒስ ሱቋን ቤት ነው ያስመሰለችው። ሁለት አግዳሚ ወንበር አስገባች። ባለ አበባ መጋረጃ ሰፋች። ጥግ ላይ ትልቅ የሻይ ማንቆርቆሪያ ጣደች። የመክፈቻው ቀን ጠዋት ዳክዎርዝ ብቅ አለ፤ ዙሪያውን አየና ጢሙን አሻሸ።

«አኒስ፣ ሻዩ ይነሣ።»

«ለምን?»

«ሕጉ ይከለክላል። ሻይ የለም፣ ሙዚቃ የለም፣ ቴሌቪዥን የለም። ወንበሩንም ዳኞቹ አይወዱትም። ሰው ይምጣ፣ ይወራረድ፣ ወደ ቤቱ ይሂድ ነው የሚሉት። እንዲመቸው አይፈለግም።»

«መጋረጃውስ?»

«መጋረጃው ይሁን። ከውጭ እንዳይታይ ነው የሚፈልጉት።»

አኒስ ወንበሩን በአንድ ጫፍ እያነሣች ፊቷን ወደ ግድግዳው መለስ አድርጋ፣ ድምፅ ሳታወጣ፣ በከንፈሯ ብቻ፣ «ሃያ ዓመት ወረቀት አብልቶኝ ዛሬ ደግሞ ሻይ ይከለክለኛል፣ ይሄ ድንች አፍንጫ» አለች።

ዳክዎርዝ ሌላውን ጫፍ አነሣላት። «መስታወት ላይ አይቼሻለሁ» አላት። «እናቴም ሸማኔ ነበረች። አፍንጫዬም የእሷ ነው።»

አኒስ የት ትግባ። ወንበሩን አብረው አወጡት።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ደህና ነበሩ። ዊልፍ የፈረሶቹን ስምና ዋጋ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጽፋል፤ የጠመኔው ብናኝ እንዳያስለው በእርጥብ ጨርቅ ነው የሚያጠፋው። ግድግዳው ላይ ትንሽ የኪራይ ድምፅ ማጉያ አለች። ከሜዳው የእሽቅድምድሙን ወሬ ታመጣለች፤ ጠርሙስ ውስጥ የተዘጋበት ሰው የሚያወራ ይመስላል። ወንዶቹ ይመጣሉ። ሴቶቹ ግን አይመጡም። ፋብሪካ ሳሉ በአኒስ ኪስ በኩል መወራረድ አንድ ነገር ነው፤ ባርኔጣ አድርጎ በጠራራ ፀሐይ ውርርድ ቤት መግባት ሌላ ነው። የጸሎት ቤቱ ሰው ምን ይላል?

በሴፕቴምበር ግን ስታንዲሽ መጣ። አሥራ አንድ ሱቅ ያለው ሰው ነው፤ አሥራ ሁለተኛውን ልክ ከአኒስ ማዶ ከፈተ። መብራቱ ዓይን ይወጋል። ወለሉ ይንሸራተታል። ድምፅ ማጉያው አራት ነው፤ ፈረሶቹ ባንኮኒው ላይ የሚጋልቡ ይመስላል። የአኒስ ወንዶች መንገዱን አንድ በአንድ ተሻገሩ፤ ሲሻገሩ በመጋረጃዋ በኩል እንዳታያቸው አንገታቸውን ኮታቸው ውስጥ ይቀብራሉ። አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ የሚቀሩት ዊልፍ፣ የንጉሡ አክስትና የጨጓራው ሽታ ብቻ ናቸው።

«አንተስ ምነው አትሄድም?» አለችው አኒስ ከሰል ጫኙን።

«ወለሉ ያንሸራትተኛል» አላት። ምክንያቱ እሱ አልነበረም፤ ሁለቱም ያውቃሉ።

አንድ ሐሙስ በኖቬምበር፣ ዶፍ እየወረደ፣ በሩ ተከፈተና ኔሊ ሾሮክ ገባች። ኔሊ ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አላገባችም። ከአኒስ ጋር ፋብሪካ አብራ ኖራለች፤ መሃል ከቆሙት አንዷ ነች፣ ጆሮዋ ድንጋይ ነው። እሑድ እሑድ ግን የጸሎት ቤቱን ኦርጋን የምትመታው እሷ ነች፤ ራሷ ባትሰማውም ሌላው ይሰማላታል። ወንድሟ የጸሎት ቤቱ አስተዳዳሪ ነው፤ ስለ ውርርድ ኃጢአት በወር አንዴ ይሰብካል። ኔሊም ከኦርጋኑ ጀርባ ሆና በወር አንዴ ራሷን ትነቀንቃለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደግሞ በየሳምንቱ ስድስት ፔኒ ስትወራረድ ኖራለች። የወረቀት ስሟ «ሙሽሪት» ነው። ይህን ከአኒስ በቀር የሚያውቅ የለም።

«ዝናብ ይዞኝ ነው» አለች ኔሊ ጃንጥላዋን እያራገፈች።

«አዎ፣ በጣም ነው የሚጥለው» አለች አኒስ በከንፈሯ፣ ሳትስቅ።

ኔሊ ትንሿን ወረቀት ከጓንቷ ውስጥ አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ መሄድ ሲገባት ቆመች። ወንዶቹ፣ አራት ናቸው፣ ድምፅ ማጉያዋ ሥር አንጋጠው ነበር። ኔሊም አንጋጠጠች። ድምፅ ማጉያዋን አየቻት፣ ወንዶቹን አየቻቸው።

«ምን ይላል?» አለች አኒስን።

እዚህ ላይ ነው አኒስ ሳታስብ ያደረገችው። ቢያስቡበት አይደረግም። ፈረሶቹ እንደተለቀቁ በከንፈሯ ነገረቻት። ወንዶቹ መሃል ገብተው ስለጋረዷት የቢራ ሳጥን ገልብጣ ላዩ ላይ ወጣች። ቀኝ ጆሮዋን ወደ ድምፅ ማጉያዋ፣ ፊቷን ወደ ኔሊ አድርጋ፣ ያን ሁሉ ሩጫ በአፏ ጋለበችው። ፈረስ አጥር ሲዘል ትከሻዋ ይዘላል። ሲደናቀፍ ቅንድቧ ይወድቃል። የኔሊ ፈረስ «ነጭ ካልሲ» ሦስተኛ ሆኖ ሲታጠፍ ከንፈሯ ተለጥጦ ጆሮዋ ደረሰ። ኔሊ የባንኮኒውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ ትንፋሿ ተቋርጧል። ነጭ ካልሲ መጨረሻው አጥር ላይ ደከመና አራተኛ ወጣ።

ኔሊ ጓንቷን አጠለቀች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ምነው፣ ስድስት ፔኒ እኮ ነው» አላት ዊልፍ ፊቷ ድረስ መጥቶ።

«ለሱ አይደለም» አለች ኔሊ። «ሠላሳ ዓመት ስወራረድ ፈረሴ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። በማግስቱ በጋዜጣ ነበር የማየው። ሞተ እንደሚባል ዘመድ።»

በማግስቱ አራት ሴት አስከትላ መጣች። ሁሉንም ዝናብ ይዟቸው ነው። በሳምንቱ ዘጠኝ ሆኑ። ዲሴምበር ላይ ሠላሳ ያህል ሸማኔ ሴት፣ ቦይለር በሚባለው የእንፋሎት ጋን ቅጥቀጣ ጆሯቸው የጠፋ ስድስት ሽማግሌ ጭምር፣ ትንሿን ቤት ሞሏት። እንዲህ ያለ ውርርድ ቤት ታይቶ አይታወቅም። ድምፅ ማጉያዋ ብቻዋን ታወራለች፤ ሰዉ ሁሉ ጸጥ ብሎ አንዲት ሴት አፍ ላይ ተተክሏል። ከዚያ በድንገት ሠላሳ ሰው ባንዴ ይጮኻል። ጆሯቸው ደህና የሆነ ወንዶች ሳይቀሩ መንገዱን ተመልሰው ይሻገሩ ጀመር፤ ከሩጫው ይልቅ የአኒስን ቅንድብ ማየት ይሻላል ይላሉ።

«ሳጥኑ ላይ ስትወጪ ዓይነ አፋርነትሽን ታች ትተዪዋለሽ» አላት ዊልፍ።

«አታስታውሰኝ፣ እወድቃለሁ» አለችው።

ስታንዲሽ ይህን ሁሉ ማዶ ሆኖ ያያል። ፈቃድ የሚታደስበት ወር ሲደርስ ደብዳቤ መጣ። ዊልፍ አነበበላት፤ መሃል ላይ ሁለት ጊዜ ትንፋሽ ለመውሰድ ቆመ። ለአንድ መንገድ አንድ ውርርድ ቤት ይበቃል፤ የአኒስ ሱቅ ደንበኛ ስለሌለው ፈቃዱ እንዳይታደስ ስታንዲሽ ይቃወማል ይላል። ሕጉም ዳኞቹ ተፈላጊ አይደለም ካሉ እንዲከለክሉ ይፈቅዳል።

ፈቃዱ ከቀረ ሱቁ ቀረ። ፋብሪካ የለም፣ ፒያኖ የለም፣ የዊልፍ ደረት ሌላ ሥራ አይችልም። አኒስ ያን ሁሉ አወቀች፤ መጀመሪያ ያሰበችው ግን እነ ኔሊ ወዴት ይሄዳሉ የሚለውን ነበር።

የችሎቱ ቀን አዳራሹ ሞልቷል። ሸማኔዎቹ የእሑድ ባርኔጣቸውን አድርገው የኋላውን ወንበር ይዘዋል፤ ከሩቅ ለሚያያቸው የቀብር ሰው ይመስላሉ። ምስክር ለመሆን አልመጡም። ማን ይደፍራል? ከፊታቸው የኔሊ ወንድም ሚስተር ሾሮክ ጥቁር ኮቱን ቆልፎ ተቀምጧል፤ ጸሎት ቤቱን ወክሎ ሁለቱም ሱቆች እንዲዘጉ ሊጠይቅ ነው የመጣው። በሩ ጋ ዳክዎርዝ ቆሟል።

አኒስ ደንበኛ እንዳላት ማሳያ ካለፈው ኖቬምበር ወዲህ የተሰበሰበውን የውርርድ ወረቀት በብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ አምጥታለች። የስታንዲሽ ጠበቃ ቆርቆሮውን ከፈተ፤ ቀጭን፣ ንጹሕ ሰው ነው፣ አንዷን ወረቀት በሁለት ጣቱ አነሣ።

«ክቡር ዳኛ፣ "ሦስት ዶሮ" ይላል። ይህኛው "ሰነፉ አህያ" ይላል። ይህቺ ደግሞ "ሙሽሪት"።» ወረቀቶቹን ገለባበጠ። «ይህቺ ሙሽሪት በጥቂት ወር ውስጥ መቶ አርባ ጊዜ ተወራርዳለች። ለመሆኑ ሠርጓ መቼ ነው?»

አዳራሹ ሳቀ። ሚስተር ሾሮክ ሳይቀር ፈገግ አለ።

«እኔ ደንበኛ አላየሁም» አለ ጠበቃው። «ተረት ነው ያየሁት። ይህን ሁሉ ወረቀት ወይዘሮ ሂንድል ራሳቸው እሳት ዳር ቁጭ ብለው እንዳልጻፉት በምን እናውቃለን?»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። ፀጉራቸው የነጣ፣ ክፉ ያልሆኑ ሰው ናቸው። «ወይዘሮ ሂንድል፣ ከእነዚህ ሰዎች የአንዱን እውነተኛ ስም ሊነግሩን ይችላሉ?»

አኒስ አንሾካሾከች።

«አልተሰማም።»

«አውቃቸዋለሁ ጌታዬ» አለች፤ አሁን ደግሞ ጮኸች። ሰዉ ዞረ። ፊቷ ቀላ።

«እንግዲያው ይንገሩን።»

«ስሙ የእኔ አይደለም ጌታዬ።»

«ሱቁስ የእርስዎ አይደለም?»

«ሱቁ የእኔ ነው። ስሙ የነሱ ነው።»

ዳኛው እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ካልነገሩን ወረቀቱን እንደ ማስረጃ ልቀበለው አልችልም። ያለ እሱ ደግሞ ፈቃዱን የማድስበት ምክንያት አይኖረኝም። ይረዱኛል?»

ተረድታለች። ዊልፍን አየችው፤ ቆቡን በእጁ እየጠመዘዘ ራሱን ቀስ አድርጎ ነቀነቀላት፤ አትንገሪ ማለቱ ነው። ሱቁ ከተዘጋ ፒያኖዋ በከንቱ ተሸጠ፤ እሱ ግን አትንገሪ አላት። ዓይኗን ወደ ኋላ ወንበር አነሣችና በከንፈሯ፣ «ይቅር በሉኝ ልጆች፣ መዘጋታችን ነው» አለቻቸው።

ኔሊ ሾሮክ ከባርኔጣዋ ሥር አፏን ከፈተች። ድምፅ የለም።

«ስሜን ንገሪያቸው» አለች።

አኒስ ያየችውን አላመነችም። «ወንድምሽ ፊትሽ ተቀምጧል!»

«ጀርባውን አየዋለሁ። ንገሪያቸው።»

«ከኦርጋኑ ያስነሱሻል።»

«ያስነሱኝ። እኔ አልሰማው!»

ከጎኗ ያለችው ማርታ ከንፈሯን ለጠጠች፤ «የእኔንም በይ።» ከሷ ቀጥሎ ያለችውም። ወንበሩ ዳር እስከ ዳር ሥራ ጀመረ፤ ልክ እንደ ድሮው አዳራሽ፣ ማሽኑ ብቻ ነው የጎደለው። ዳኛው ግን የሚያዩት ዝም ብለው የተቀመጡ ባርኔጣ ያደረጉ ሴቶች ነው። በሩ ጋ ዳክዎርዝ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ጉንጩን ከውስጥ ነክሷል።

«ወይዘሮ ሂንድል፣ እየጠበቅን ነው» አሉ ዳኛው።

«ሙሽሪት ኔሊ ሾሮክ ናት!» አለች አኒስ።

መጠኑ ጠፍቷት ነው፤ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ሚስተር ሾሮክ ቀስ ብሎ ወደ ኋላው ዞረ። እህቱ ቆማለች። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛለች፤ አገጯ ቀና ብሏል።

ማንም አልሳቀም።

«ወይዘሪት ሾሮክ» አሉ ዳኛው፤ «ማዶ የተሻለ ሱቅ እያለ ለምን ወደዚህኛው ይሄዳሉ?»

አኒስ ወደ እሷ ዞራ ጥያቄውን በከንፈሯ አቀበለቻት። ጠበቃው እንደ ተወጋ ብድግ አለ።

«ክቡር ዳኛ! ምልክት እየሰጠቻት ነው! ለምስክሯ መልስ እየነገረቻት ነው!»

«ምንድን ነው የሚያደርጉት ወይዘሮ ሂንድል?»

«ጥያቄዎን እየነገርኳት ነው ጌታዬ። አትሰማም። ፋብሪካው ነው።»

ዳኛው አዳራሹን አዩ። «ይህን ነገር የሚያውቅ ሌላ ሰው አለ?»

ዳክዎርዝ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ። «እኔ አውቃለሁ ጌታዬ። እናቴ ሸማኔ ነበረች።»

«ያለቻት እኔ የጠየቅኩትን ነው?»

«ቃል በቃል ጌታዬ። ቀደም ብለው የተባባሉትንም አይቻለሁ፤ እሱን ግን ባልደግመው ይሻላል።»

ኔሊ መልሷን ስትሰጥ ድምፅዋ እንደ ዛገ በር ነበር። ለወትሮው ሰው ፊት አታወጣውም። «ማዶ ያለው ሱቅ ግድግዳው ነው የሚያወራው» አለች። «ግድግዳ ከንፈር የለውም።» ለመቀመጥ አጎነበሰችና ተመልሳ ቀና አለች። «አኒስ ፈረሱን ታሳየናለች። ሌላ ምን ልበልዎት?»

ከዚያ አኒስ የፈቀዱላትን ሁሉ፣ አሥራ ዘጠኝ ስም፣ አንድ በአንድ አለች። እያንዳንዷም ተነሣች። ማብቂያው ላይ ማንም ሳይጠራው ከጎን ወፍራም ድምፅ መጣ። «የእኔንም በይ እንጂ አኒስ፣ ምነው ረሳሽኝ?» የንጉሡ አክስት ነው። ትከሻውን አይተው ዳኛው አፋቸውን በመሐረብ ሸፈኑ።

ጠበቃው ሌላ ጥያቄ አልነበረውም። ፈቃዱ ታደሰ።

ውጭ ዝናብ ነው። ሚስተር ሾሮክ እህቱን በጃንጥላው ሥር ይዟት ደረጃው ላይ ቆመ። «ኔሊ፣ እሑድ እኔ ምን ብዬ ነው የምቆመው?» አላት፣ በደንብ እንድታየው አፉን ከፍቶ።

ኔሊ አፉን ትክ ብላ አየችው። «አልሰማሁህም» አለችና ከአኒስ ጋር ቁልቁል ወረደች።

እሑድ ኦርጋኑን መታች። የሚተካት ሰው አልተገኘም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ሞልቷል፤ የጨጓራው ሽታም ተመልሷል። ኔሊ ጓንቷን አውልቃ ወረቀቷን ባንኮኒው ላይ አኖረች። አኒስ አነሣችና አየችው። እንደ ወትሮው «ሙሽሪት» ይላል።

«አሁንማ አገር ያወቀው ነገር ነው» አለቻት አኒስ በከንፈሯ። «በስምሽ አትጽፊም?»

«ይሄም ስሜ ነው» አለች ኔሊ። «ባይሆንማ ለምን እቆምለት ነበር? ይልቅ ሳጥኑ ላይ ውጪ፣ ፈረሶቹ ሊለቀቁ ነው።»

አኒስ ሽርጧን አስተካከለችና ሳጥኑ ላይ ወጣች።